አንድ ሌሊት ነው

ቨርጂኒያ፣ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት በጀመርኩ በዘጠነኛው ዓመት አባቴ ታመመ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ዱለስን ያልረገጥኩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የምመላለስበት ጊዜም ነበር። ሰው አድርሻለሁ፣ ሰው ተቀብያለሁ፣ የሰው ሻንጣ አውርጃለሁ። እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን አልተሳፈርኩም።

ለምን አገር ቤት ብቅ አትልም ሲሉኝ መልሴ አንድ ነበር፤ «ምን ችግር አለ? አንድ ሌሊት እኮ ነው!»

ውሸት አልነበረም። ከዱለስ እስከ ቦሌ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት አካባቢ ይበራል። በዚያን ጊዜ ረፋድ ላይ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ይገባ ነበር። ቨርጂኒያ ቁርስህን በልተህ ትነሳለህ፣ የሚቀጥለውን ቁርስ አዲስ አበባ ትበላለህ። ይህን ሒሳብ ለተሳፋሪ ነግሬያለሁ፣ ለጓደኛ ነግሬያለሁ፤ ለራሴማ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት እግዜር ይቁጠረው።

ሌላም ሒሳብ ነበረን፤ በዚያ አካባቢ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። አሜሪካኖቹ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ የእነሱና የአዲስ አበባ ልዩነት ስምንት ሰዓት ይሆናል። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። ከስምንት ስድስት ሲቀነስ ሁለት። ስለዚህ አገር ቤት ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ የመኪናህን ሰዓት አይተህ ሁለት መጨመር ብቻ ነው። የመኪናው ሰዓት 1 ካለ አባቴ ያለበት ደብረ ማርቆስ 3 ሰዓት ነው። ቀን ይሁን ማታ ለይቶ ማወቅ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል እንጂ ቁጥሩ አይሳሳትም። በእነሱ በጋ ደግሞ አንድ መጨመር ይበቃል። አዲስ የመጣ ሾፌር ስልክ ለመደወል ሲደናገር «ሁለት ጨምር» እንለዋለን፣ እሱም በማግስቱ ለሌላው ይነግራል። እኔም ሁለት እየጨመርኩ ስኖር አባቴ ሁለት ሰዓት ማዶ ያለ ይመስለኝ ጀመር።

አባቴ በእንዲህ ዓይነት ሒሳብ የሚታለል ሰው አልነበረም። ዕድሜውን የፈጀው ከጎጃም ጤፍ እየጫነ ዓባይን ሲሻገር ነው። መኪናው ኤንትሬ ነበረች፤ ያ አፍንጫ የሌለው የጣሊያን ፊያት። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ይዞኝ ወርዶ ነበር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ በአየር ቢለካ አንዲት ክንድ ነው፤ ማዶ ለማዶ ተያይተህ ትጣራለህ ሊባል ምንም አይቀረው። በመኪና ግን ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደህ፣ ድልድዩን ተሻግረህ፣ የወረድከውን ያህል መልሰህ ትወጣለህ። ጭነት የበዛባት ኤንትሬ ያን ዳገት ስትወጣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድማታል። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማዋ ሥር ሥር ሲከተል አይቻለሁ፤ ሞተሯ ከጠፋ ቶሎ እንዲደግፋት ነው።

ስለዚህ ከማርቆስ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለው ሲጠይቁት አይመልስም። መጀመሪያ እሱ ይጠይቃል። ባዶ ነው በጭነት? ክረምት ነው በጋ? መሄድ ነው መመለስ? «300 ኪሎ ሜትር ነው እኮ» ካሉት ይስቃል። «ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው መንገድ የሚሠራው ነው፤ የሚሄድበት ሰዓት ነው የሚቆጥረው» ይል ነበር።

እሑድ እሑድ ስደውልለት ሰላምታው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እህ፣ የት ደረስክ?» መንገድ ላይ ያለ ሾፌርን እንደሚጠይቁት። እኔም እንደ ቀልድ ይዤው «ፊቼ»፣ «ቱሉ ሚልኪ»፣ «ጎሐ ጽዮን» እለው ነበር። ደጀን ብዬው አላውቅም። ለምን እንደሆነ ያኔ አላሰብኩበትም።

ለራሴ ደግሞ ሻንጣው ነው የሚል ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ለአንድ ተሳፋሪ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀዳል። ትኬቱን መግዛት ይቻላል፤ አርባ ስድስቱን ኪሎ መሙላት ነው ጭንቁ። ለእህት ልጅ ስልክ፣ ለአጎት ኮት፣ ለጎረቤት ቫይታሚን፣ ለንስሐ አባት ጥላ፣ ለማላውቃቸው የአጎት ልጆች ጫማ። ዘጠኝ ዓመት የቀረ ሰው ባዶ እጁን አይገባም። በየዓመቱ «ዘንድሮ እሞላዋለሁ» እላለሁ፣ በየዓመቱ አንድ ነገር ይጎድላል። አሁን ሳስበው ሻንጣው ይሉኝታ ይሁን ሰበብ ለመለየት ይቸግረኛል። ሰበብ ሳይሆን አይቀርም።

ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም፣ የሚካኤል ዕለት፣ ማክሰኞ። ተራ መጠበቂያው ሜዳ ላይ ነበርኩ። ያ ሜዳ ከአሜሪካ ይልቅ መርካቶን ይመስላል፤ መኪና ላይ ተደግፎ የሚያወራ፣ የመኪና ኮፈን ላይ ዳማ የሚጫወት፣ ከቤት በሳህን የመጣ ፍርፍር የሚጎራረስ። የመኪናዬ ሰዓት 1 ይላል። እህቴ ደወለች። ሁለት ጨመርኩ፤ ማርቆስ ከምሽቱ 3 ሰዓት። በበዓል ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ እሷ ራሷ ከፍላ መደወሏ ልክ አልነበረም።

«አባባን ትንሽ አሞታል» አለች።

«ትንሽ» ማለት ምን እንደሆነ ውጭ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል። አገር ቤት ሰው ትንሽ ካመመው አይደወልልህም። ትንሽ አሞታል ከተባልክ በጣም አሞታል ማለት ነው፤ በጣም አሞታል ከተባልክ ደግሞ ቁርጡን ዕወቅ። ይህንን ለሌሎች ሾፌሮች ስተረጉም የኖርኩ ሰው ነኝ። ለራሴ ሲደርስ ግን ቃሉን እንዳለ ወሰድኩት፤ ትንሽ ነው የሚያመው።

ትኬት የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ፣ እዚያው ሆኜ ደወልኩለት። ለነገ ቦታ አለ፣ 1,900 ዶላር። ለሰኞ ከሆነ 1,350። ያ ሳምንት የታንክስጊቪንግ ሳምንት ነበር። አሜሪካ አንድ ላይ ተነስታ የምትጓዝበት፣ አንድ ላይ የምትመለስበት ሳምንት ነው፤ ለታክሲ ሾፌር እንደ ጥምቀት ሰሞን ለጎንደር ሆቴል ነው። እሑድ ማታ ዱለስ ላይ የሚፈሰውን ሰው ያላየ አያምንም። ሒሳቡን ሠራሁ። አምስት ቀን ልሥራ፣ የትኬቱን ዋጋ ላውጣ፣ ሻንጣውንም ልሙላ፣ ሰኞ ልነሳ፣ ማክሰኞ ልድረስ። አንድ ሌሊት ነው።

ለእህቴ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። «እሺ፣ ወንድምዓለም» አለች።

ስለ አምስቱ ቀን ብዙ የምለው የለኝም። ሠራሁ። በአራተኛው ቀን የእህቴ ስልክ አይነሳም ነበር፤ ኔትወርክ ነው አልኩ።

ሰኞ ተነሳሁ። ዱለስን ዘጠኝ ዓመት ከደጅ ነበር የማውቀው። ያ እንደ ክንፍ የተሰቀለው ጣሪያ በትውልድ ፊንላንዳዊ በሆነው በኤሮ ሳሪነን የተነደፈ ነው፣ ማረፊያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ተከፈተ፤ ይህን ሁሉ ለቱሪስት ስነግር ኖሬያለሁ። ውስጥ ገብቼ ግን ዘበኛ «ወዴት ነህ?» እስኪለኝ ድረስ መንገድ ጠፍቶኝ ቆሜ ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊቴ ያለው ስክሪን ካርታ ያሳያል። እኔ የጠበቅኩት በአትላንቲክ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ በሰሐራ በኩል ነበር። መስመሩ ግን ወደ ሰሜን ጎብጦ ይወጣል፤ የካናዳን ዳርቻ ተጠግቶ ውቅያኖሱን ያቋርጥና ወደ ፖርቱጋልና ስፔን፣ ከዚያ ወደ ሰሜን አፍሪካ ቁልቁል ይወርዳል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምነው ያዞረናል?» ብለው ጠየቁኝ። ብርቱካን ላይ ክር ቢወጥሩ እንደዚህ ነው የሚሆነው፣ ምድር ክብ ስለሆነች የጎበጠው ነው አጭሩ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመኑኝም። ካርታው በየደቂቃው ቀሪውን ኪሎ ሜትርና ቀሪውን ሰዓት ይነግራል። ያን ቁጥር ስከታተል አደርኩ። በ13 ሰዓት ውስጥ አንድ ደቂቃ እንቅልፍ አልተኛሁም፤ ግን አንድም ጊዜ ዘገየ አላልኩም። ቁጥሩ እየቀነሰ ነበርና።

ቦሌ የጠበቁኝ የእህቴ ባልና አጎቴ ናቸው። አቀፉኝ፣ ሳሙኝ፣ ሻንጣዬን ተሻሙ። «እንዴት ነው?» አልኩ። «ደህና ነው፣ ተሽሎታል፣ አንተን ነው የሚጠብቀው» አለ አጎቴ፣ ፊቱን ወደ ሻንጣው አዙሮ። አላለቀሱም። ግን የእህቴ ባል ጢሙን አልተላጨም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ጢሙን ሳይላጭ ከቤት የሚወጣ ሰው አይደለም። የሁለት ቀን ጢም ነበር። አይቼው ዓይኔን መለስኩ። አልጠየቅኩም፤ ካልጠየቅኩ አልሆነም።

መንገድ ጀመርን። ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ፊቼ። ሬዲዮ አልተከፈተም። ጎሐ ጽዮን ላይ ማንም «ቁርስ እንብላ» አላለም። ከአውሮፕላን የወረደን እንግዳ ጎሐ ጽዮንን ሳያበሉ ማሳለፍ በእኛ ቤት ነውር ነው። ዓባይን መውረድ ስንጀምር ሁለቱም ወደ ፊት ለፊት እያዩ ዝም ብለዋል። ጃፓኖች ያሠሩት አዲሱ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ ውኃውን ሳየው፣ አፌ ራሱ አወጣው።

«መቼ ነው?»

አጎቴ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። የእህቴ ባል መሪውን እንደያዘ፣ «ቅዳሜ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ። እሑድ ቀበርነው» አለ።

ማልቀስ ነበረብኝ፣ ደንቡም ያ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያደረግኩት መቁጠር ነበር። ስምንት፣ ሁለት ቀንስ፣ ስድስት። በእነሱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ 6 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ከዱለስ ቤተስዳ እያደረስኩ ነበር፤ ሰውየው 20 ዶላር ጉርሻ ሰጥቶኛል፣ አስታውሳለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ ሌላውን ቆጠርኩ። ረቡዕ ብነሳ ኖሮ ሐሙስ ጠዋት ቦሌ ነኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማርቆስ ነኝ። ሐሙስ ማታ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ሁለት ቀን ተኩል። መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው ሒሳቤን ጨረስኩና ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ።

ማርቆስ የደረስነው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ሰልስቱ ነበር። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያጥፉ ገመዱን ፈትተዋል፤ እኔን ሲያዩ የፈቱትን መልሰው ያሰሩት ጀመር። አንድ ሽማግሌ ካስማውን በድንጋይ እየመቱ «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ቃል ከማንም አፍ ስሰማ ይከብደኛል።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። መመለሻው ከመሄጃው እንደሚረዝም ሥራዬ ሆኖ አውቀው ነበር እንጂ በአካሌ አላውቀውም ነበር። ከዱለስ የሚነሳው አውሮፕላን አዲስ አበባ ድረስ በአንድ ትንፋሽ ይበራል፤ ከቦሌ የሚነሳው ግን ነዳጅ ለመቅዳት አውሮፓ ላይ ያርፍ ነበር፣ ቀድሞ ሮም፣ በእኔ ጊዜ ደብሊን። ያው መንገድ፣ ያው አውሮፕላን፣ 17 ሰዓት ገደማ። ነፋሱ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ይገፋል፣ ሲመለሱ ይገታል። ዋናው ምክንያት ግን ከፍታው ነው። ዱለስ ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ክንፉም የሚይዘው ያጣል፤ መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ርዝመት ቢኖረውም አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ከሙሉ ሰው ጋር ይዞ አይነሳም። ስለዚህ ነዳጁን ቀንሶ ይነሳል፣ ዝቅ ያለ አገር ደርሶ ይሞላል።

ደብሊን ላይ ከመቀመጫችን ሳንነሳ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። በመስኮቱ ዝናብ ይታያል፣ የነዳጁ ቦቴ ከክንፉ ሥር ቆሟል። ይህን የሚረዳው አባቴ ነበር አልኩ በልቤ። ኤንትሬዋን ደጀን ላይ አቁሞ ከጭነቷ አራት አምስት ኩንታል ለሌላ መኪና ሲያካፍል አስታወስኩ፤ «ዳገት ጭነት አይወድም» ይል ነበር። ባዶ ነው በጭነት? መሄድ ነው መመለስ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰው «13 ሰዓት ነው» ስል አንድም ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቄ አላውቅም። 13 ሰዓት አውሮፕላኑ የሚፈጀው ነው። እኔ የምፈጀው ከአውሮፕላኑ በፊት ያለውን ነበር፤ ሻንጣውን፣ ትኬቱን፣ ታንክስጊቪንጉን። ከዚያ ደግሞ ከቦሌ ወዲያ ያለው 300 ኪሎ ሜትር አለ፤ አውሮፕላን በሃያ ደቂቃ የሚጨርሰው፣ በመኪና ግን ስድስት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ። እሱንም በሒሳቤ አስገብቼው አላውቅም።

ለሙት ዓመቱ በኅዳር 2011 ተመልሼ ሄድኩ። አንድ ሻንጣ ብቻ ይዤ፣ እሱም ግማሹ ባዶ፤ ማንም የጠየቀኝ የለም። ተዝካሩ አልፎ እንግዳው ከሄደ በኋላ እህቴ ጎላ እያጠበች፣ እኔ ውኃ እየቀዳሁላት፣ ጓሮ ነበርን።

«አንድ ነገር ልንገርህ? እንዳትቆጣኝ» አለች።

አባቴ ከሚካኤል ማግስት ጀምሮ «ልጁ የት ደረሰ?» እያለ ይጠይቃት ነበር። ሰኞ ይነሳል ብላ ለመንገር አልቻለችም። ረቡዕ «ተነስቷል» አለችው። ሐሙስ «ቦሌ ገብቷል» አለችው። ዓርብ ሲጠይቃት ጨነቃትና «ፊቼ ላይ መኪናው ተበላሽቶ አድሯል» አለችው። ይህንን አመነ፤ የትኛው የመኪና ዓይነት እንደሆነ፣ ምኑ እንደተበላሸ ጠየቃት፤ እሷም «ኩሽኔታው ነው» አለችው፣ እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ሲያማርር የሰማችውን ቃል። ቅዳሜ ጠዋት «ጎሐ ጽዮን ደርሷል» አለችው። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ትንፋሹ አጥሮ ሳለ፣ እንደገና ጠየቃት።

«ደጀን ገብቷል፣ አባባ» አለችው።

«ከደጀን አንድ ሰዓት ተኩል ነው» አለ። «ዳገቱን ጨርሷል። በሩን አትቀርቅሩት።»

አልቀረቀሩትም። ሌሊቱን ሙሉ ገርበብ ብሎ አደረ አለች፣ ውሻው እየወጣ እየገባ።

ውኃውን አስቀምጬ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት፣ ሁለት ቀንስ፣ አሥር። በዱለስ ቅዳሜ ከረፋዱ 10 ሰዓት ነበር። ተራ መጠበቂያው ላይ ነበርኩ፤ ከፊቴ አራት ታክሲ ነበር። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ገና አልተነሳም።